ስለ «ሰፋ» ግሥ ምንጭና ፍች

«ቁስሉ ይሰፋል» የሚል ዐረፍተ ነገር በአንድ የሕክምና ወረቀት ላይ ተጽፎ ቢገኝ፣ አንባቢው ከሁለት አንዱን ሊረዳ ይችላል። ቁስሉ በመርፌና በክር ይገጠማል፣ እንግዲህ ወደ መዳኑ ነው ብሎ ይጽናና ይሆናል፤ ወይም ቁስሉ ገና እየተለቀ ይሄዳል፣ እንግዲህ ወደ መባሱ ነው ብሎ ይደነግጥ ይሆናል። ጽሑፉ ለሁለቱም እኩል ይመሰክራል። ዐረፍተ ነገሩ በቃል የተነገረ ቢሆን ኖሮ ግን ጥርጥር ባልተነሣ ነበር። ተናጋሪው «ሰ»ንም «ፋ»ንም አጥብቆ «ይሰፋል» ሲል በክር መያያዙን፣ ሁለቱንም አላልቶ «ይሰፋል» ሲል መተለቁን ይነግረናል። ፊደላችን ለጥብቀት ምልክት ስለሌለው ጆሮ የሚለየውን ዓይን ሊለየው አልቻለም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ፣ በአማርኛ «ሰፋ» እየተባለ የሚጻፈው ግሥ ሁለት ፍች ያለው አንድ ቃል ሳይሆን፣ በምንጫቸው የማይገናኙ ሁለት ቃላት መሆናቸውን ማስረዳትና ይህም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅና ለተርጓሚ ምን እንደሚያስከትል ማመልከት ነው። «ጨርቅ ሰፋ» እና «መንገዱ ሰፋ» በሚሉት ውስጥ ያለው ግሥ አንድ ነው ብሎ የሚያምን አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት አይደለም። እምነቱም ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን።

ማስረጃውን ከመጻሕፍት ብቻ መልቀም ይቻል ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ቃላት በየዕለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ በሁለት ቋንቋ የሚሰሙበት ቦታ ስላለ ከዚያ መነሣትን መርጠናል። ቦታው በመቐለ ከተማ የሚገኘው ዓይደር ነው። ዓይደር ከከተማይቱ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን፣ ስሙ በብዙ ሰው ዘንድ የተሰማው በክፉ ቀን ነበር። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ፣ በዓይደር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በአካባቢው ላይ ከአየር በተጣለ ቦምብ ሕፃናትና ለእርዳታ የደረሱ ሰዎች አልቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ደግሞ የዓይደር ስም በመቐለ ዩኒቨርሲቲ ሥር ከሚተዳደረው የማስተማሪያ ሆስፒታል ጋር ተያይዞ ይነሣል። ሆስፒታሉ ከትግራይ ሌላ ከአፋርና ከአማራ ክልል አጎራባች ወረዳዎች የሚመጡ ሕሙማንን ያክም ነበር፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት ደግሞ የቁስለኛ ብዛትና የመድኃኒት እጦት በአንድነት የወደቁበት ቤት ሆኗል። ሐኪሙ ትምህርቱን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሕመምተኛው ጋር የሚነጋገረው ግን በትግርኛ ወይም በአማርኛ ነው። ስለዚህ ስለ መስፋት የሚነገር ቃል ከሐኪሙ አፍ ወጥቶ ከሕመምተኛው ልብ እስኪደርስ ሁለትና ሦስት ደጅ ያልፋል። እንዲህ ባለ ቦታ የአንድ ፊደል መጥበቅና መላላት ሰው የሚሰጋበት ጉዳይ ነው።

በዓይደር ትግርኛ የሚናገር ሰው ልብስ በመርፌ ሲያያዝም፣ ቁስል በክር ሲገጠምም «ሰፈየ» ይላል። መንገድ፣ እርሻ ወይም ቁስል ሲተልቅ ግን የሚለው «ሰፍሐ» ነው። ቁስሉ በክር የሚያዝ ከሆነ «ቁስሊ ይስፈ»፣ የሚተልቅ ከሆነ «ቁስሊ ይሰፍሕ» ይባላል። ሰፍቶ ሲጨርስ «ሰፍዩ»፣ ተልቆ ሲገኝ «ሰፊሑ» ነው። ልብስ ሰፊው «ሰፋዪ»፣ ሰፊው ሜዳ «ሰፊሕ» ይባላል። ሥራው «ስፌት»፣ ወርዱ «ስፍሓት» ነው። ማሰፋት «ኣስፈየ»፣ ማስፋት «ኣስፍሐ» ነው። በእነዚህ ጥንዶች ሁሉ አንዱ ቃል በሌላው ቦታ ሊገባ አይችልም፤ ተናጋሪውም ሁለቱን አንድ ናቸው ብሎ ሊያስብ ምክንያት የለውም። (ተርጓሚ በዚሁ አጋጣሚ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላ ቃል አለ። የትግርኛው ልብስ ሰፊ የሚሰፋው «ክዳን» ነው፤ ክዳን በትግርኛ ልብስ፣ በአማርኛ ግን የድስትና የቤት መሸፈኛ ነው። ሁለቱም ከመክደን የወጡ ናቸው፤ ትግርኛው ገላን፣ አማርኛው ዕቃን ከደነበት።)

ትግርኛ ይህን ልዩነት የወረሰው እንጂ የፈጠረው አይደለም። ግዕዝም እንዲሁ «ሰፈየ» እና «ሰፍሐ» እያለ ለየብቻ ይናገራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ለማየት ከኦሪት ዘፍጥረት መራቅ አያስፈልግም። አዳምና ሔዋን የበለስ ቅጠል ገጥመው ሲለብሱ የሚነገረው ግሥ የመጀመሪያው ነው፤ ኖኅ ልጁን ያፌትን ሲመርቅ የሚነገረው ሁለተኛው ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በፊተኛው ቦታ «ሰፍተው»፣ በኋለኛው ቦታ «ያስፋ» የሚል ይገኛል፤ ግዕዙን ያላወቀ አንባቢ ቅጠሉንና ያፌትን በአንድ ግሥ የተያዙ አድርጎ ቢያይ አያስደንቅም። የግዕዝ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ሊቃውንት፣ ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው፣ በዚህ ላይ የሚቸገሩበት ነገር አልነበረም፤ ሥሮቹ ራሳቸው በየፊደላቸው ተለይተው ይቆሙላቸዋልና። ችግሩ የአማርኛ ነው።

በአማርኛ ሁለቱ እንዴት አንድ መልክ ያዙ? መንገዱ ግልጽ ነው። አማርኛ በግዕዝ ግሥ መጨረሻ የሚገኙትን የጉሮሮ ድምፆች ሲጥል በእነርሱ ፈንታ የራብዕን አናባቢ ያስቀራል፤ «ሰምዐ» ሰማ፣ «ገብአ» ገባ፣ «በልዐ» በላ ሆነዋል። በዚሁ ሕግ «ሰፍሐ» ሰፋ ሆነ። በሌላ በኩል ደግሞ በ«ወ» ወይም በ«የ» የሚጨርሱ አንዳንድ ግሦች እነዚህን ድምፆች ጥለው በዚያው በራብዕ ላይ አርፈዋል፤ «ጠበወ» ጠባ፣ «ቀለወ» ቆላ ሆነዋል። በዚህኛው መንገድ «ሰፈየ» ሰፋ ሆነ። ከሁለት አቅጣጫ የመጡ ሁለት ውሃዎች በአንድ ቦይ ገቡ ማለት ነው።

ይህ በ«ሰፋ» ላይ ብቻ የደረሰ አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ልንጠራጠረው በተገባ ነበር። ግን መንታ አለው። «ዱቄት ነፋ» እና «መለከት ነፋ» እንላለን። የመጀመሪያው ከግዕዝ «ነፈየ»፣ ሁለተኛው ከ«ነፍኀ» የመጣ ነው፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ «ነፈየ» እና «ነፍሐ» እያለ ይለያቸዋል። «ሰፈየ» እና «ሰፍሐ» በሄዱበት መንገድ «ነፈየ» እና «ነፍኀ» እግር በእግር ሄደዋል። ከዚህም የባሰ መደራረብ የደረሰበት «ሳለ» ነው፤ ሥዕል የሚሥለው «ሠዐለ»፣ ቢላዋ የሚስለው «ሰሐለ»፣ ጉንፋን ይዞት የሚያስለው «ሰዐለ» በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነው ቀርተዋል። ቢላዋ መሳልና ሥዕል መሣል አንድ ቃል ነው የሚል መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የለም። «ሰፋ»ም በዚያው ሚዛን ሊመዘን ይገባል።

ስለ «ነፋ» ከተነሣ፣ መሣሪያዎቹም የሚያስተምሩት ነገር አለ። ዱቄት የሚነፋበት ወንፊት፣ ብረት አንጣሪው እሳት የሚያነድበት ወናፍ ነው። ትግርኛ «መንፊት» እና «መናፍሕ» ይላቸዋል። የመሣሪያ ስም በግዕዝ በ«መ» ይጀምራል፤ አማርኛ በአንዳንዶቹ ላይ፣ በተለይ ከንፈር የሚያስገጥም ሌላ ድምፅ በቃሉ ውስጥ ሲኖር፣ «መ»ን ወደ «ወ» ለውጦታል። «መንበር» ወንበር የሆነው እንዲሁ ነው። አሁን ወደ ስፌት ስንመለስ፣ የ«ሰፈየ» መሣሪያ በግዕዝ «መስፌ» ሲሆን፣ በአማርኛ የምናገኘው ወስፌን ነው። ወስፌ ቆዳና ስፌት የሚበሳበት፣ ከእንጨት እጀታ ላይ የተተከለ ሹል ብረት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ወስፌን ከመስፋት ጋር አያይዞ ላያስብ ይችላል፤ የ«መ» መለወጥ ዝምድናውን ሸፍኖበታልና። ለሥርወ ቃል ጥናት ግን ወስፌ ጠቃሚ ምስክር ነው፤ «ሰፋ» (በክር አያያዘ) የራሱ የሆነ የመሣሪያ ስም እንዳለውና ይህም ስም ከወርድና ከስፋት ጋር አንዳች የሚያገናኘው እንደሌለ ያሳያልና።

ታዲያ ልብስ ሰፊው የሚይዘው መርፌስ? መርፌ ከሌላ ቤት የመጣ እንግዳ ነው። ግዕዝ ለመስፋት ሌላም ግሥ ነበረው፤ እርሱም «ረፍአ» ነው፤ መሣሪያውም «መርፍእ» ይባላል። ግመል በመርፌ ቀዳዳ ስለ ማለፉ በወንጌል በተነገረው ቦታ ግዕዙ የሚጠቀመው በዚህ ስም ነው፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ «መርፍእ» ይላል። አማርኛ ግሡን ጥሎ መሣሪያውን አስቀረ። በዚህ የተነሣ ዛሬ አንድ አማርኛ ተናጋሪ በ«ረፍአ» መሣሪያ የ«ሰፈየ»ን ሥራ ይሠራል። በዐረብኛ «ረፈአ» የተቀደደ ልብስ መጥቀምን፣ መጠገንን ያመለክታል። በዕብራይስጥ «ራፋ» መፈወስ ማለት ነው፤ የመልአኩ የሩፋኤል ስም ከዚያ የወጣ ነው። የተቀደደን ገጥሞ መጠገንና የታመመን ማዳን በሴማውያን ቋንቋዎች ጎረቤት ሐሳቦች መሆናቸውን ሊቃውንት ሲያነሡት ቆይተዋል። በዛሬው አማርኛ «መርፌ ተወጋሁ» ስንል መድኃኒት መቀበላችን ነው፤ ይህ ግን ከሥርወ ቃሉ የወጣ ሳይሆን ከዕቃው መልክ የመጣ አዲስ ፍች ነው። ሁለቱን ማጋጨት ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም፣ ከጨዋታ አልፎ ወደ መዝገበ ቃላት እንዲገባ አንመክርም።

በአማርኛ «ሰፋ» (ከሰፈየ) የሚይዘው የሥራ ዓይነት ከጨርቅ በጣም ይሰፋል፤ አንባቢ ይህን ግሥ እዚህ አላልቶ ያንብብልን። ጫማና ኮርቻ ይሰፋል። ድንኳን ይሰፋል። የብራና ቅጠሎች ተሰፍተው ይጠረዛሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሴቶች ከአክርማና ከስንደዶ የሚሠሩት ሞሰብ፣ ሰፌድና እንቅብ «ይሰፋል» ይባላል፤ «ስፌት» ብቻውን ሲነገር በብዙ አገር ቤት የሚታሰበው ይኸው የሣር ሥራ ነው። «እናቴ ስፌት ትሰፋለች» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ወደ ውጭ ቋንቋ የሚመልስ ሰው እናቲቱን በልብስ ስፌት መኪና ፊት ቢያስቀምጣት ነገሩን አበላሸ። እዚህ ላይ «መኪና» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። ከጣልያንኛ የመጣው ይህ ቃል ለማንኛውም ሞተር ላለውና ለሌለው መሣሪያ ይነገር የነበረ ሲሆን፣ ብቻውን ሲጠራ ተሽከርካሪ ከሆነ ወዲህም የቀድሞው ሰፊ ፍቹ በልብስ ስፌት መኪና ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል። የቀሩትን የመርፌ ሥራ ግሦች፣ ጠቀመን፣ ዘመዘመንና ጠለፈን፣ እዚህ አንዘረዝራቸውም። ጠለፈ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው፤ ጥልፍ የምትጠልፍ ልጅና የተጠለፈች ልጅ በአንድ ግሥ ሲነገርላቸው ተርጓሚው ምን ያህል እንደሚጨነቅ የሚያውቀው ያውቀዋል።

አሁን ከላይ ወዳቆየነው፣ ሁለቱን «ሰፋ»ዎች አንድ አድርጎ ወደሚያስበው እምነት እንመለስ። የእምነቱ መነሻ ከሸማኔ ቤት ይመስለናል። የእጅ ሸማ ወርዱ ጠባብ ነው፤ ሸማኔው ክንዱን ዘርግቶ መወርወሪያውን ከሚያቀባብልበት በላይ ሊሄድ አይችልም። ኩታም ሆነ ጋቢ ሙሉ ወርድ የሚያገኘው ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ሆኖ ሲሰፋ ነው። እንግዲህ ሸማው በመሰፋቱ ሰፋ፤ መስፋት ማስፋት ሆነ። ይህን ያየ ሰው ሁለቱ ፍቾች ከአንድ ሥራ ወጥተዋል ቢል ከልምዱ ተነሥቶ ነው የተናገረው። ሐሳቡ ያማረ ነው፣ ግን አይጸናም። ግዕዝና ትግርኛ፣ ሸማቸውን በዚያው መንገድ እየሰፉ፣ ሁለቱን ግሦች በተለያዩ ድምፆች ሲጠብቁ ኖረዋል። የዓይደሩ «ሰፋዪ» ሁለት ቁራጭ ሸማ ገጥሞ ሲሰፋ «ሰፍዩ» ይባላል፤ ሸማው ወርድ ሲያገኝ «ሰፊሑ» ይባላል፤ አንዱ ከሌላው እንዳልወጣ መጨረሻቸው ይመሰክራል። የአማርኛው መመሳሰል የተፈጠረው ድምፆቹ ከጠፉ በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ትርጓሜ ደግሞ ምንጭ ሊሆን አይችልም።

የ«ሰፍሐ» ቤተሰብ በአማርኛ ከመርፌው ወገን ይልቅ ወደ ቤተ መንግሥትና ወደ ሰው ስም ወጥቷል። አሰፋ፣ አስፋው፣ አስፋ ወሰን የሚሉት ስሞች ሁሉ ከዚህ የወጡ ናቸው። አስፋ ወሰን ወሰንህን አስፋ የሚል ምኞት ነው፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሸዋን የገዙት መርድ አዝማች አስፋ ወሰን፣ በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አልጋ ወራሽ በዚህ ስም ተጠርተዋል። ከመረብ ማዶና ከትግራይ ወገን ተመሳሳዩ ስም «አስፍሐ» ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1962 የኤርትራ ዋና አስተዳዳሪ የነበሩትን ቢትወደድ አስፍሐ ወልደ ሚካኤልን ማስታወስ ይበቃል። አሰፋና አስፍሐ አንድ ስም ናቸው፤ ልዩነታቸው አማርኛ የጣለው «ሐ» ብቻ ነው። ከአብዮቱ ወዲህም «ሰፊው ሕዝብ» የሚለው አነጋገር ከጋዜጣና ከራዲዮ ሳይለይ ለብዙ ዓመታት ተደምጧል። «ፊ» ጠብቆ የሚነበበውን ይህን «ሰፊ» አላልቶ ያነበበ ሰው ሕዝቡን ሁሉ ልብስ ሰፊ ያደርገዋል፤ «ልብስ ሰፊ» በሚለው ውስጥ «ፊ» ይላላልና። «ተስፋፋ»፣ «መስፋፋት»፣ «ማስፋፊያ» ከዚሁ ወገን ናቸው።

«ተስፋ» ግን ከሁለቱም አይደለም። በመልኩ ከ«ሰፋ» የወጣ ይመስላል፤ ተስፋ የልብ መስፋት ነው የሚል የስብከት ትርጓሜም አይታጣም። ምንጩ ግን ሦስተኛ ሥር፣ «ተሰፈወ» (አለኝ ብሎ ጠበቀ) የሚለው ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲገባ ግሡ ከኋላ ቀረ፤ ስለዚህ «ተስፋ አደረገ»፣ «ተስፋ ቆረጠ» እያልን በረዳት ግሥ እንናገራለን። መዝገበ ቃላት «ተስፋ»ን ከ«ሰፋ» ሥር ቢያስገባው ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎችን በአንድ መቃብር እንደ መቅበር ይሆናል።

ሁለቱ «ሰፋ»ዎች በአማርኛ እርባታ የት ላይ ፈጽመው እንደሚገናኙ፣ የት ላይ እንደሚለያዩ በዝርዝር ማወቅ ለተርጓሚ ይጠቅመዋል። ኀላፊው «ሰፋ»፣ ቦዙ «ሰፍቶ»፣ ንዑስ አንቀጹ «መስፋት» በድምፅም በጽሕፈትም አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ተሳቢው ብቻ ነው፤ «ልብሱን ሰፋ» እና «ልብሱ ሰፋ»። ስሞቹ «ስፌት» እና «ስፋት» በጽሕፈትም ይለያያሉ፤ ቋንቋው ራሱን የጠበቀበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። ቅጽሉና የሠሪው ስም «ሰፊ» በጽሕፈት አንድ፣ በጥብቀት ሁለት ናቸው።

አስቸጋሪው አስደራጊው ነው። «አሰፋ» ሲባል «ሰ» ከላላ ወርድ ጨመረ ማለት ነው፤ «ሰ» ከጠበቀ ሌላ ሰው እንዲሰፋለት አደረገ ማለት ነው። «ቀሚሷን አሰፋች» የሚለው ጽሑፍ ጠቧት የነበረውን ለቀቅ አደረገችው ወይም አዲስ ለልብስ ሰፊ ሰጠች ሊሆን ይችላል። ትንቢቱ «ያሰፋል» እንዲሁ ለሁለቱም ይጻፋል። ነገር ግን ቦዙ «አስፍቶ» እና «አሰፍቶ»፣ ንዑስ አንቀጹ «ማስፋት» እና «ማሰፋት»፣ ትእዛዙም «አስፋ» እና «አሰፋ» እየተባለ ይለያያል፤ የ«ሰ» ሳድስ መሆንና ግዕዝ መሆን ነገሩን ይፈታዋል። በተደራጊው በኩል «ተሰፋ» እና «ተሰፍቷል» ለመርፌው ብቻ የሚነገሩ ስለ ሆኑ ችግር የላቸውም። ወደ ትንቢት ሲዞሩ ግን «ተ» በ«ሰ» ውስጥ ይዋጥና «ይሰፋል» ይሆናል፤ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገራችን የተወለደው እዚህ ላይ ነው።

በአማርኛ መዝገበ ቃላት አሠራር ይህ ምን ይጠይቃል? የከሣቴ ብርሃን ተሰማ ሀብተ ሚካኤል (1951 ዓ.ም.) እና የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) ሥራዎች በአገራችን መዝገበ ቃላት ታሪክ ትልቅ ቦታ አላቸው፤ ከእነርሱ የሚጠበቀው አንባቢም ማጥበቅንና ማላላትን ከቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት የተማረ ነበር። «ገና» እና «አለ» ሲያጋጥሙት መምህሩ ያሰሙትን ያስታውሳል። የዛሬው ተጠቃሚ፣ በተለይም አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚማረው፣ ይህ ስንቅ የለውም። ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ቃሉን ሁሉ በላቲን ፊደል ጭምር መጻፉ ለውጭ ተማሪ ጥብቀቱን ያሳየዋል፤ ለገዛ አገራችን አንባቢ ግን በፊደሉ ላይ የሚሠራ ዘዴ ያስፈልገዋል። ቢያንስ እንደ «ሰፋ» ያሉት መንትዮች በሁለት ቁጥር ተለይተው ሊቆሙ፣ በየቁጥሩም ትንቢቱ፣ ተደራጊውና አስደራጊው የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅ በቃል ሊጻፍ ይገባል። የግዕዙንና የትግርኛውን ዘመድ ከጎን ማስፈርም ለጌጥ አይደለም፤ «ሰፈየ» የሚለውን ያየ ተማሪ ሁለተኛ አይሳሳትም። በአሥመራ የታተመው የአባ ዮሐንስ ገብረ እግዚአብሔር የትግርኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለእንዲህ ያለው ማነጻጸሪያ የተዘጋጀ መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ የአማርኛ አዘጋጆች የሚገባውን ያህል አልተጠቀሙበትም ብለን እናምናለን።

የሕክምና ቃላትን በተመለከተ፣ ለቁስል «ስፌት» ማለት ከባዕድ የተቀዳ አነጋገር ነው በማለት ሌላ ቃል እንዲፈጠር የሚፈልጉ ይኖሩ ይሆናል። አያስፈልግም። የላቲኑም «ሱቱራ» የወጣው ከመስፋት ነው፤ ዐረብኛውም ለልብስና ለቁስል «ኺያጣ» ይላል፤ ሕዝቡም በአማርኛም በትግርኛም ቁስል ይሰፋል ይላል። ቃሉ ደኅና ነው፤ መጠበቅ ያለበት ከመንታው ጋር እንዳይደባለቅ ነው። መደባለቁ የሚያሠጋበት ጉልህ ምሳሌ ወሊድ ነው። ምጥ ላይ ያለች ሴት መውጫው ሲጠብባት ሐኪሙ በመቀስ ቆርጦ ያሰፋዋል፤ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ያንኑ ቦታ ይሰፋዋል። ሁለቱም «ሰፋ»ዎች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ገላ ላይ፣ በአንድ እጅ ተፈጸሙ። አስቀድማ ፈቃዷን ስትጠየቅ «ይሰፋል» የሚል ወረቀት ብቻ ቢቀርብላት የትኛውን እንደ ፈቀደች ማንም ሊናገር አይችልም። በትግርኛ ቢጻፍላት ኖሮ «የስፍሖ» እና «ይሰፍዮ» በዓይኗ ፊት ይለያዩ ነበር።

ስለዚህ በአማርኛ ለሚዘጋጅ የሕክምና ጽሑፍ የሚከተለውን እናሳስባለን። መርፌና ክር ሲታሰብ ከተቻለ በስሙ መናገር፣ «ስፌት ይደረግለታል»፣ ወይም «በክር ይሰፋል» ማለት ነው፤ ያለፈ ነገር ከሆነ «ተሰፍቷል» ብቻውን ይበቃል። መተለቅ ሲታሰብ «ይሰፋል»ን ትቶ «እየሰፋ ይሄዳል» ወይም «ይተልቃል» ማለት ይሻላል፤ «እየሰፋ ይሄዳል» በሚለው ውስጥ መርፌ ሊገባ አይችልምና። ሐኪሙ ሆን ብሎ ሲከፍት «አሰፋ» ከማለት ይልቅ «ቆርጦ ከፈተ» ማለት ግልጽ ነው። «ስፌቱ የሚወጣበት ቀን» የሚለው በየካርዱ የሚጻፈው አነጋገር ግን እንዳለ ቢቆይ ነውር የለበትም፤ ከስፋት ወገን የሚወጣ ነገር የለምና።